ልጓም ያነገተ አይዳኝም

የሚዋጋ በግ አልነበረኝም፤ ዳኛ ያደረጉኝም ለዚህ ነው። በብቸናና በሞጣ መካከል ባለው አገር፣ በግ የሌለውና የማንም በግ ሲያሸንፍ ከመቀመጫው የማይዘል ነጋዴ ቢፈለግ የተገኘሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። የዳኛ ድርሻ የተሸናፊው በግ ቆዳ ነው። እኔ ደግሞ ቆዳ ነጋዴ ነኝ። ማንም ያሸንፍ ማን ባዶ እጄን ስለማልመለስ፣ እንዲህ ያለ ሰው ለማንም አያዳላም ብለው አመኑኝ። እነሱ ሲያምኑኝ ጊዜ እኔም ራሴን አመንኩ።

ዘመኑ የጃንሆይ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነበር፤ መጨረሻ መሆኑን ግን የነገረን አልነበረም። ጨዋታውን መንግሥት አያውቀውም፤ ወይም አለማወቅን ጠንቅቆ ያውቅበት ነበር። ከመስቀል በኋላ ጭቃው ሲደርቅ ይጀመራል፣ ለዐቢይ ጾም ቅበላ ይዘጋል። ሉማሜ፣ ሮብ ገበያና አማኑኤል በጎቻቸውን ይልካሉ፤ መጨረሻ ላይ የሚገናኙት ግን ሁልጊዜ ብቸናና ሞጣ ናቸው። ሁለት አውራ በጎች ሜዳ ላይ ይለቀቃሉ፤ ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ፣ ይንደረደራሉ፣ ይጋጫሉ። አንዱ ጀርባውን ሲሰጥ ዳኛው «ዞረ!» ብሎ ይጮኻል። ዳኛው ካልጮኸ፣ በጉ ዞሮ አገር ቢያቋርጥም አልዞረም። ሦስት ጊዜ «ዞረ» የተባለ በግ ተሸነፈ። በመጨረሻው ግጥሚያ የተሸነፈው ደግሞ እዚያው ታርዶ የቅበላ ሥጋ ይሆናል።

የጨዋታው አለቃ የሞጣ ሰው ነበር። በጽዋ ማኅበር ደንብ «ሙሴ» እንለው ነበር። የመጽሐፉ ሙሴ ሕዝብ አሻገረ፤ የኛው የሚያሻግረው በቅሎ ነው። ከብቸና የጠፋ በቅሎ በሦስተኛው ቀን ሞጣ ነው፤ በአራተኛው ቀን ዓባይን ተሻግሮ በጌምድር ሣር ይግጣል። ሰውየው ራሱ በሕይወቱ የማንንም ገመድ ፈትቶ አያውቅም። ረጅም ካፖርት ይለብሳል፣ ዓርብና ረቡዕ ይጾማል፣ ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ቆርቆሮ ይሰጣል። ገመድ የሚፈቱለት ሌሎች ነበሩ፤ እነሱን «ልጆቹ» ይላቸዋል። በግ ሜዳውም የእሱ ገበያ ነበር።

በቅሎ የጠፋበት ሰው ጩኸት አያሰማም፣ ክስ አይከስም። ባዶውን ልጓም ትከሻው ላይ አንግቶ ወደ በግ ሜዳው ይመጣና ከሾላው ሥር ይቆማል። ሙሴ ሄዶ «የማን ነው?» ይለዋል። ሰውየው የበቅሎዋን መልክ ይናገራል፣ ወሮታው ይቆረጣል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ በቅሎዋ ትመጣለች። ሙሴ በዚህ ቃሉን አንድም ቀን አላጠፈም። ቢያጥፍማ ነገ ማን ልጓም ይዞ ይመጣል? እኔ ነጋዴ ነኝ፤ አሠራሩን ከልቤ አደንቀው ነበር። ከልጆቹም ቆዳ እገዛ ነበር። ቆዳ ከየት እንደመጣ አይናገርም፤ እኔም አልጠይቀውም።

በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ጥብቅ ሕግ ነበር፦ ልጓም ያነገተ አይዳኝም። በቅሎው በሰው እጅ ያለችበት ሰው ምላሱም በሰው እጅ ናት ማለት ነው። ይህን ሕግ ሲያወጡ እኔም ነበርኩ፤ አጨብጭቤያለሁ።

ቅበላ ሊገባ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ አንድ ጧት ጋጣው ባዶ ሆኖ አገኘነው። በቅሎዋ የእኔ ብትሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። በቅሎዋ የባለቤቴ ናት፤ ከአባቷ ቤት ይዛት መጥታ ስንጋባ በሽማግሌ ፊት የግሏ ተብላ የተቆጠረች። አባቷ በደብረ ወርቅ በኩል ቅኔ ያስተምራሉ። ሴት ልጅ ቅኔ ቤት ባትገባም ምላሱ ለእሷ ደርሷታል።

ጋጣውን አየች፣ እኔን አየችና አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«የበግ ሜዳ ወዳጆች አሉህ አይደል?» አለችኝ።

«አሉኝ።»

«እንግዲያ ልጓሙን ይዘህ ሂድ። በቅሎዬ ለቅበላ እዚህ ቤት ካልገባች፣ ጾሙን የምይዘው ከአባቴ ቤት ነው።»

የአገሬ ሰው ይህን ሲሰማ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ለጾም ወደ አባቷ ቤት የገባች ሴት ለፋሲካ አትመለስም። ልጅ አልነበረንም፤ የሚያስራት ነገር ቢኖር እኔ ብቻ ነበርኩ። ያን ጧት ደግሞ ራሴን ስመዝነው ብዙም አልከበደኝ።

ታዲያ ምን አደረግሁ? ልጓሙን ወስጄ ከመጋዘኑ፣ ከደረቁ ቆዳዎች ክምር ሥር ሸሸግሁት። የመጨረሻው ግጥሚያ በሞጣ ነው፣ ዳኛው እኔ ነኝ። ልጓም ካነገትኩ ዳኝነቱ ይቀራል፤ ዳኝነቱ ከቀረ የአምስት ገበያ ቆዳ ይቀራል። ሙሴን በወዳጅነት በጆሮው አናግሬ በቅሎዋንም ዳኝነቱንም ይዤ እመለሳለሁ ብዬ አሰብኩ። ለባለቤቴ «ልጓሙን ይዣለሁ» ብያት ወጣሁ። ብልጥ ነኝ ብሎ የሚያስብ ሰው የሚሠራው ስሕተት እንዲህ ያለ ነው፤ ሞኝ ቢሆን ልጓሙን አንግቶ ይሄድ ነበር።

የዚያን ዓመት የብቸና በግ የማን ነበር መሰላችሁ? ቆዳ የሚያለፋልኝ ሰው ነበር። ስሙን የሚጠራው አልነበረም፤ ሁሉም «ፋቂው» ይሉታል፣ እኔም እንደ ሁሉም። ሰው ከእጁ ውሃ አይቀበልም፤ ዓይኑ ይበላል ብለው ልጆቻቸውን ይሸፍኑበታል። በጉ ግን ቀይ፣ አንገተ ወፍራም፣ ሲንደረደር መሬቱን የሚያናውጥ ነበር። በባቄላና በጠላ አተላ አሳድጎታል፤ ጨው ከእጁ ያስልሰዋል። ሦስት ዓመት በተከታታይ የሞጣን በግ ያስበላ እሱ ነበር። ብቸና ሲያሸንፍ «በጋችን» ይላል፤ ሲመሽ በጉ የፋቂው ይሆናል።

ሁለታችን በጉን መሐል አድርገን ወደ ሞጣ በእግር ሄድን። የሱሃን ወንዝ ተሻግረን አቀበቱን ስንወጣ፣

«ጌታው፣ በቅሎዎን ዘንድሮ ለማን ትተዋት ነው?» አለኝ።

«እግሯን አሟት ነው።»

የበጉን ገመድ ሳብ አደረገና «ያማል» አለ። «ጌታው፣ በጋጣዎ በር ያየሁት ዱካ ግን የታመመ እግር አይመስልም። ሮጣ ነው የወጣች።»

እርምጃዬን አፈጠንኩ። እሱም ሁለተኛ አልጠየቀኝም። ቆዳ አይቶ ከብቱ በምን እንደሞተ የሚናገር ሰው ፊት መዋሸት እንዴት እንደሚያደክም እዚያ አቀበት ላይ ነው ያወቅሁት።

ሞጣ በደረስን ማግስት፣ የግጥሚያው ዋዜማ እኩለ ቀን ላይ፣ ሙሴ ጠጅ ቤት አስጠራኝ። ብርሌ አስቀዳልኝ። የእሱ ብርሌ ውሃ ነበር፤ ቀኑ ዓርብ ነው።

«ዳኛው፣ በእግርህ መጣህ አሉኝ።»

«እግር ለምን ተፈጠረ ብለው ነው?»

«ለድሃ። አንተ ድሃ አይደለህም። በቅሎህ ደኅና ናት?»

«ስለ እሷ ላነጋግርዎ ፈልጌ ነበር።»

«ቆይ፣ አትቸኩል።» ብርሌውን በጣቱ አዞረ። «እኔ ያየኋት አንዲት አለች። ዳማ፣ ግንባሯ ቦቃ። ውሃ ስትጠጣ ግራ ጆሮዋን ወደ ኋላ ትጥላለች።»

ጆሮዋን እንዴት እንደምትጥል እኔ አላውቅም ነበር። ባለቤቴ ግን ታውቃለች።

«ወሮታዋ ምን ያህል ነው?» አልኩት።

«ወሮታ ልጓም ላነገተ ነው። አንተ ልጓም ይዘሃል?»

«አልያዝኩም።»

«አልያዝክም። እንግዲያ በቅሎህ አልጠፋችም። እንግዲያ እኔና አንተ ስለ በቅሎ አልተነጋገርንም።» ፈገግ አለ፤ የዚህ ሰው ፈገግታ ጥርስ አያሳይም። «ስለ በግ ግን እንነጋገር። ሦስት ዓመት ሙሉ የብቸና ሰው በግ በልቶብኛል። ገበያ በወጣሁ ቁጥር ከኋላዬ እንደ በግ ይጮኹብኛል፤ ትልልቅ ሰዎች! የእኔ ጥቁር በግ ነገ አይዞርም።»

«እሱን በጉ ያውቃል እንጂ...»

«በጉማ ይዞር ይሆናል። 'ዞረ' የሚለው ግን በጉ አይደለም።»

ብርሌዬን ወደ ጎን ገፋሁ።

«ነገ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልጆቹ ወደ ዓባይ ይወርዳሉ» አለና ተነሣ። «ስንት በቅሎ ይዘው እንደሚወርዱ ገና አልነገርኳቸውም። ጠጁን ጨርስ፣ ተከፍሏል።»

ከእሱ ጋር ስንት ዓመት ስገበያይ ጌትነቱን ከሩቅ አየው ነበር። ያን ቀን ግን ምን ዓይነት ገበያ ውስጥ እንደቆምኩ ገባኝ፦ እኔ ሻጭም ገዥም አልነበርኩም።

በማግስቱ ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። የሞጣ ሰው በአንድ ወገን፣ ከብቸና የተከተለን ጥቂት ሰው በሌላ ወገን። ስንገባ ጀመሩት።

«ፋቂው! በጉን ነው ያመጣኸው ወይስ ቆዳውን አስቀድመህ ነው?»

«ቆዳ ካማራችሁ የእናንተን ማታ አለፋዋለሁ!» አላቸው፤ ሞጣ እንኳ ሳቀ።

ሳቁ ሳይበርድ አንዱ «ዓይኑን! ዓይኑን አዙሩት!» አለ። ይህም ደንብ ነበር። ፋቂ በጉን ካየ በዓይኑ ይበላዋል፣ የሌላውን በግ ጉልበት ይሰልባል ይባላልና፣ ግጥሚያው እስኪያልቅ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ይቆማል። ሦስት ዓመት ሲያሸንፍ አንድም ቀን በጉ ሲዋጋ አላየም። በቀንዱ ድምፅና በእኔ ጩኸት ብቻ ነው የሚከታተለው። ያለወትሮው ወደ እኔ ዘወር አለና «እንግዲህ ዓይኔ እርስዎ ነዎት፣ ጌታው» አለኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ ባሕር ዛፎቹ አዞረ።

እንደ ደንቡ ዱላ ይዤ ማልሁ። ያየሁትን ብደብቅ ዓይኔ ይፍሰስ አልኩ። ቀና ስል ሙሴ ከሾላው ሥር ተቀምጦ ፀሐይዋን ያያል።

በጎቹ ተለቀቁ። የመጀመሪያው ግጭት እንጨት በመጥረቢያ እንደመምታት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ደረቅ ድንጋይ ከድንጋይ ነው። ጥቁሩ ትልቅ ነበር፤ ቀዩ ግን አንገቱን ዝቅ አድርጎ ነው የሚገባው። በአራተኛው ጥቁሩ ጀርባውን ሰጠ። «ዞረ!» አልኩ፤ አፌ የለመደውን አለ። ፋቂው ከአጠገቤ ጀርባውን ለሜዳው እንደሰጠ አንድ ጣቱን አወጣ። ቀጥሎ ቀዩ እግሩ ተንሸራተተና ዞረ፤ ጠራሁ። ቀጥሎ እንደገና ጥቁሩ፤ እንደገና ጠራሁ። ሁለት ለአንድ። ፋቂው ሁለት ጣት አውጥቶ ቆመ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ፀሐይዋ ገና ከፍ ብላ ነበር፤ ለእኔ ግን ወደ ዓባይ የምትሮጥ ነው የመሰለኝ።

ሁለቱም ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ተንደረደሩ። ሲጋጩ ጥቁሩ በጉልበቱ ወደቀ፣ ተነሣ፣ ጭራውን ለቀዩ ሰጥቶ ሦስት አራት እርምጃ ሄደ። ልጅ እንኳ ያየዋል። የብቸና ሰው አፉን ከፍቶ እኔን ይጠብቃል። የሞጣ ሰው አፉን ዘግቶ እኔን ይጠብቃል።

ዝም አልኩ።

«ዳኛ!» አለ አንዱ። «ዳኛ፣ ምን ትጠብቃለህ?»

«አልዞረም» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ነበር። «ዝንብ ጆሮውን ነክሶት ነው፤ ዝንቡን ሊያባርር ነው።»

ዝንብ! ስንት ቃል እያለ።

ጩኸቱ ፈነዳ። ከብቸና ወገን «ሌባ!» አሉ፣ ከሞጣ ወገን «ዳኛ ብሏል!» አሉ። በዚህ ሁሉ መሐል ፋቂው ፊቱን ሳያዞር፣ ጮክ ሳይል፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ጌታው፣ ኮቴው እኮ ዞሯል» አለ። «ሰምቼዋለሁ።»

በዚህ መሐል ነው በሕዝቡ መካከል መንገድ እንደተከፈተ ያየሁት። ሴት በግ ሜዳ አትገባም፤ ባለቤቴ ግን ገባች። አቧራ እስከ ጉልበቷ ለብሷታል። ልጓሙ ትከሻዋ ላይ ነው።

«አንተ!» አለችኝ። «ይህን ረስተኸው ሄድክ።»

ከጨው ነጋዴዎች ጋር ተቀላቅላ ሁለት ቀን ተኩል በእግሯ መጥታለች። ልጓሙን ያገኘችው ቆዳ ሊገዛ ለመጣ ሰው ክምሩን ስታፈርስለት ነበር። መርሳት አለመሆኑን ያወቀች ይመስለኛል፤ ግን በሰው ፊት «ደበቅህ» አላለችኝም። ዛሬም ድረስ ያን ቆጥሬ አመሰግናታለሁ።

ሙሴ ከተቀመጠበት አልተነሣም። ግን ልጓም ሜዳ ገብቷል፤ ሁሉም እሱን ያያል። በመጨረሻ ካፖርቱን አራግፎ ተነሣ።

«የማን ነው?» አለ።

«የእኔ ናት። ዳማ፣ ግንባሯ ቦቃ፣ ውሃ ስትጠጣ ግራ ጆሮዋን የምትጥል። ባልሽ እዚህ ዳኛ ነው አሉኝ። እኔ ዳኛ አልጠፋኝም፤ በቅሎ ነው የጠፋኝ።»

ከሕዝቡ መሐል ሳቅ ሊወጣ ሲል ታፈነ። ሙሴ ለአንዱ ልጁ በዓይኑ ምልክት ሰጠው፤ ልጁም ሄደ። እንግዲህ ቃል ቃል ነው።

«ወሮታው ስንት ነው?» አለች፤ መቀነቷን ለመፍታት እጇን ሰደደች።

«ለእመቤቲቱ ወሮታ የለም። ይዘሽ ሂጂ» አላት፤ ቶሎ ሊሸኛት ፈልጎ ነው። ያ ሁሉ ዓመት ነግዶ፣ ያን ቀን አንድ ነገር በነጻ ሰጠ፤ የከሰረውም በእሱ ነው።

ከሞጣ ወገን፣ በሙግት ያረጁ አንድ ሽማግሌ በምርኩዛቸው መሬቱን መቱ።

«ቆይ፣ ቆይ! ወሮታ የለም ነው የምትል? እኔ የእህቴን በቅሎ ሳስመልስ ወሮታ ከፍያለሁ። ቄሱ ከፍለዋል። ደሃው ከፍሏል። ሙሴ ያለ ወሮታ በቅሎ መልሶ የሚያውቀው መቼ ነው?»

ሰዉ ሁሉ ወደ ሙሴ ዞረ።

«እንግዲያ ይህች ወሮታ ተከፍሎባታል ማለት ነው። በምን ተከፈለ?» ዞር ብለው እኔን አዩኝ። «በዝንብ ነዋ!»

«አባቴ፣ ዳኛው ልጓም አላነገተም» አለ ከሙሴ ሰዎች አንዱ። «ሚስቱ ናት ያነገተችው።»

«ተክሊል ደፍተው ከሆነ አንድ ሥጋ ናቸው። ሚስቱ ካነገተች እሱ አንግቷል። ልጓም ያነገተ አይዳኝም። ይህን ሕግ ራሳችሁ ናችሁ ያወጣችሁት!» አሉና ወደ ሞጣ ሰው ዞሩ። «እኔ በዚህ የተገኘ ሥጋ ቅበላዬን አልበላም። ነገ ሉማሜና አማኑኤል ገበያ ስትወጡ፣ ሞጣ በሴት በቅሎ አሸነፈ ሲሏችሁ ምን ልትሉ ነው?»

ሞጣ የሚፈራው ሙሴን ነበር፤ ከእሱ ይበልጥ ግን ገበያ ላይ መሣቂያ መሆንን ይፈራል። «እውነት ነው!» አሉ። ዱላው ከእጄ ተወስዶ ለሽማግሌው ተሰጠ። ፍርዱ ፈረሰ፣ ሁለት ለአንዱ እንዳለ ሆኖ በጎቹ እንደገና ይግጠሙ ተባለ። ሙሴ ተመልሶ ተቀመጠ። ወደ እኔ አላየም፤ ከእንግዲህ የምጠቅመው ሰው አልነበርኩም።

የበግ ቁጣ ግን እንደ ሰው ሙግት አይቀጠርም። እኛ ስንጨቃጨቅ ቀዩ በግ ቀዝቅዞ ነበር። ላቡ ደርቋል፣ ሣር ይለቅማል። ጥቁሩን ደግሞ የሙሴ ልጆች በሕዝቡ ጀርባ ይዘው በቀንዱ እየገፉ፣ ጆሮውን እየቆነጠጡ ሲያበሳጩት ቆይተዋል። ያን አይቻለሁ። «ይህም ደንብ አይደለም!» ብዬ ለመጮኽ አፌን ከፈትኩ፤ ግን የእኔን አፍ በዚያ ሜዳ ማን ሊሰማው? እንደተከፈተ ቀረ።

ጥቁሩ መጣ፣ ቀዩ በጎኑ ተቀበለው። ሽማግሌው በጥርት ያለ ድምፅ «ዞረ!» አሉ። እንደገና መጣ። ቀዩ አንገቱን ወደ ፋቂው አቅጣጫ አድርጎ፣ ጠረኑን እየፈለገ መሰለኝ፣ ሄደ። «ዞረ! ሦስት!»

ፋቂው አሁንም ፊቱን ወደ ዛፎቹ እንዳደረገ ነው።

«ጌታው» አለኝ፣ «እውነት ዞረ?»

እውነት ነበር። «ዞረ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ደንቡን ጥሶ ዘወር አለና በጉን አየው፤ ያን ጊዜ የከለከለው አልነበረም። ሊያርዱ ሲይዙት አንዱ «ፋቂው ይግፈፍልን፣ እጁ ጥሩ ነው» አለ። ቢላዋውን ከወገቡ አወጣ። ቢላዋውን አገላብጦ አየው፣ ወደ ሰገባው መልሶ ከተተው፣ ጋቢውን ተከናንቦ ብቻውን በብቸና መንገድ ወጣ። ተከትዬ ልጠራው ፈለግሁ። የምጠራበት ስም እንኳ አልነበረኝም።

በቅሎዋ ፀሐይ ሳትጠልቅ መጣች፤ ለሙሴ ይህ ይቆጠርለት። ባለቤቴ እግሯን አየች፣ ጥርሷን አየች፣ ወጥታ ተቀመጠች። እኔ ከኋላ በእግሬ። የመጀመሪያውን ቀን ቃል አልተነፈሰችም። በሁለተኛው ቀን ስለ ዝንቡ ጠየቀችኝ፤ ሁሉንም ነገርኳት። ጠጅ ቤቱን፣ ዓባይን፣ ፋቂው ያወጣቸውን ጣቶች።

«በእኔ በቅሎ ምክንያት» አለች።

«ላንቺ ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብትል ልጓሙን ትይዝ ነበር። ወሮታ መክፈል ነውር አይደለም፤ አገር ሁሉ ይከፍላል። አንተ በቅሎዬንም ዳኝነትህንም ስትል ነው የሰው በግ ያሳረድከው።»

ወደ ደብረ ወርቅ የሚወስደው መንገድ ሲገነጠል ልጓሙን ወደዚያ ሳበች። «በቅሎዬ ተገኝታለች» አለች። «ጾሙን የት እንደምይዝ ግን ገና አልቆረጥኩም። አባቴ ይስሙት።»

አማቴ ከተማሪዎቻቸው መሐል ተነሥተው መጡና ቁጭ ብለው ሰሙኝ። ብዙ ቃል የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ለእኔ ግን ጥቂት ብቻ ነው ያወጡልኝ።

«የሞጣው በግ ዞሮ ነበር?»

«ዞሮ ነበር፣ አባቴ።»

«ይህን የሰማ ማን ነው?»

«እርስዎና ልጅዎ።»

«አይበቃም። በብቸና ገበያ መሐል ቆመህ፣ በዚያ ሜዳ በምትጮኽበት ድምፅ ትናገረዋለህ። እሷ ቆማ ትሰማለች። ከዚያ ወዲያ ቤቷ መግባቷም መመለሷም የእሷ ነው፤ እኔ አልገባበትም።»

እናም በገበያው ቀን፣ በጨው ተራና በቆዳ ተራ መካከል፣ ከገበያተኛው ፊት አንድ ድንጋይ ላይ ወጣሁ። በሕይወቴ ብዙ ነገር በጩኸት ሸጫለሁ፤ ገዥ የሌለውን ነገር ግን ያን ቀን ብቻ ነው የጮኽኩት። «የሞጣው በግ ሦስተኛ ጊዜ ዞሮ ነበር! አይቼ ደብቄያለሁ!» አልኩ። መጀመሪያ ሳቁ። «ዝንቡስ?» አለ አንዱ። «ዝንብ አልነበረም» አልኩ። ከዚያ ሳቁ ቆመ፤ የባሰው ያ ነበር። ፋቂው በቆዳ ተራ ጫፍ ቆሞ ከሌላ ነጋዴ ጋር ዋጋ ይነጋገር ነበር። ንግግሩን አላቋረጠም። ከዚያ ዓመት ጀምሮ እሱ ያለፋው ቆዳ በእኔ መጋዘን አላለፈም፤ የተሻለ እጅም አላገኘሁ።

ባለቤቴ እስከ መጨረሻው ሰማች። የጾሙን ሽሮና ምስር ሸምታ በበቅሎዋ ጫነች። በቅሎዋን ወደ አባቷ ቤት መንገድ ታዞራት እንደሆነ እያየሁ ድንጋዩ ላይ ቀረሁ። ወደ ቤታችን በሚወስደው ጠባብ መንገድ ገባች። ቸኩዬ አልወረድኩም። እንድከተላት አልጠራችኝም፤ ግን የአጥሩን በር ሳትዘጋው ነበር ያገኘሁት።